«በዘሬ ካለ፣ ብተወው ምን ይረባኛል?»
ስለ ቱምባክ፣ ስለ ጂንና ስለ አፍ ካንሰር

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ጽሑፍ ከአንድ ተማሪ ጥያቄ የተነሳ ነው።

ባለፈው የትምህርት ወቅት አንድ ቀን የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ጠመኔዬን ስሰበስብ አንድ ልጅ ወደ ኋላ ቀረ። ስሙን አልጠቅስም። ዕድሜው ለክፍሉ ከፍ ያለ ነው፤ እንደ ብዙዎቻችሁ በመንገድና በስደት ዓመታት ያመለጡት ልጅ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ከቀን ሠራተኞች ጋር ወደ እርሻ ይወርዳል፣ እዚያም ቱምባክ ለምዷል። እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ አባቴ የሞተው በአፍ ቁስል ነው። ካንሰር ነው አሉን። ጎረቤቱ ሁሉ የዘር ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ኩባያውን እንኳ ለይተውበት ነበር። የዘር ከሆነ እኔም ውስጥ አለ ማለት ነው። ታዲያ ቱምባኩን ብተወው ምን ይረባኛል?»

እውነቱን ለመናገር እዚያው ቆሜ ጥሩ መልስ አልሰጠሁትም። «ተው፣ ጤናህን ይጎዳል» ብዬ ሸኘሁት። እሱ ግን የጠየቀኝ ይሄን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እያጠናሁ ነበር ትምህርቴ የተቋረጠው፤ ጀነቲክስ የሚባለውን ኮርስ ግን ወስጃለሁ። ስለዚህ ያስታወስኩትን ከልሼ፣ ያላወቅኩትን አንብቤና ጠይቄ፣ መልሱን ለእሱም ለእናንተም በጽሑፍ ላቀርብ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ቱምባክን እንወቀው

ገዳሪፍ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ቱምባክ የሚሸጥበትን ሱቅ ያውቀዋል። ከዶካ እስከ ጋላባት በሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ በትራክተር ሾፌሩ ኪስ፣ በአጫጁ መቀነት ውስጥ አለ። በአገራችን ሽማግሌዎች በአፍንጫቸው ከሚስቡት ሱረት ይለያል፤ ቱምባክ አፍ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

የሚሠራው ኒኮቲያና ሩስቲካ ከሚባል የትምባሆ ዝርያ ነው። ተክሉ በብዛት የሚበቅለው በምዕራብ ሱዳን በዳርፉር ሲሆን፣ ለሲጋራ ከሚውለው ዝርያ ይልቅ በኒኮቲን የበረታ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ታስሮ ይብላላል፣ ይፈጫል፣ ከዚያም ለወራት ይቀመጣል። ሻጩ ዱቄቱን በውሃና በአትሩን ያሸዋል። አትሩን ማለት ሶዲየም ባይካርቦኔት ያለበት ጨው መሰል ነገር ነው። ተጠቃሚው ከዚህ ላይ ቆንጥሮ በጣቱ ያድበለብልና «ሰፋ» የሚሉትን ድብልብል በታችኛው ከንፈሩና በድዱ መካከል፣ በጉንጩ ወይም በምላሱ ሥር ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ሁለት የኬሚስትሪ ነጥቦችን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ አትሩኑ ድብልቁን አልካሊ ያደርገዋል፤ ፒኤች መጠኑ ከ8 እስከ 11 ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ኒኮቲኑ ስስ የሆነውን የአፍ ቆዳ በፍጥነት አልፎ ወደ ደም ይገባል። ሱሱ ቶሎ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅጠሉ ሲብላላና ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይቱ ከኒኮቲንና ኒኮቲንን ከሚመስሉ ኬሚካሎች ጋር ሲገናኝ ናይትሮሳሚን የሚባሉ መርዞች ይፈጠራሉ። ሱዳናዊው ተመራማሪ አሊ ኢድሪስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቱምባክን መርምረው፣ የእነዚህ መርዞች መጠን በአሜሪካና በስዊድን አፍ ውስጥ ከሚቀመጠው ትምባሆ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ መሆኑን አሳይተዋል። በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የሚገኘውና በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋምም ጭስ አልባ ትምባሆን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ምድብ አስገብቶታል።

ስለዚህ «ጭስ የለውም፣ ሳንባ አይነካም፣ ከሲጋራ ይሻላል» የሚለው ወሬ ለአፍ አይሠራም።

ካንሰር ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት ለውጥ

ሰውነታችን ከሴሎች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ዲኤንኤ አለ። ዲኤንኤ እንደ ትልቅ ደብተር ነው፤ ሴሉ መቼ እንደሚባዛ፣ መቼ እንደሚያቆም፣ ሲበላሽ እንዴት እንደሚጠገን ተጽፎበታል። በደብተሩ ውስጥ ያለ አንድ ትእዛዝ ጂን ይባላል። ሴል ለሁለት ሲከፈል ደብተሩ በሙሉ ይገለበጣል። ማስታወሻ በእጅ ገልብጣችሁ የምታውቁ ተማሪዎች ስህተት እንዴት እንደሚገባ ታውቁታላችሁ፤ በተለይ ብርሃን ሲደክም፣ ወረቀቱም ሲረጥብ።

ካንሰር ማለት በአንድ ሴል ደብተር ላይ ስህተት እየተጠራቀመ ሄዶ፣ ሴሉ «አቁም» የሚለውን ትእዛዝ ማንበብ ሲያቅተውና ያለ ልክ ሲባዛ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቀላቅላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ተማሪዬንም ያሳሳተው ይሄው ነው።

ሀ) በሕይወት ዘመን የሚመጣ ለውጥ። ሰፋው የሚቀመጥበት ቦታ ያለው ሴል በየቀኑ መርዝ ይነካዋል፣ ደብተሩ ይበላሻል። ይህ ጉዳት በከንፈሩ ወይም በድዱ ሴል ላይ ነው እንጂ ልጅ በሚፈጠርበት ሴል ላይ አይደለም። ስለሆነም ወደ ልጅ አይተላለፍም። ፒ53 የሚባል ጂን አለ፤ ሥራው የተበላሸውን ሴል ማስቆም ነው፣ እንደ ኬላ ጠባቂ በሉት። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት የሱዳንና የስካንዲኔቪያ ሕመምተኞችን የአፍ ካንሰር ሲያነጻጽር፣ የፒ53 ጉዳት ይበልጥ የተገኘው በቱምባክ ተጠቃሚዎቹ ላይ ነበር። ጠባቂው ሲወድቅ መንገዱ ይከፈታል።

ለ) የሚወረስ ልዩነት። ይህ ከእናትና ከአባት፣ ከመወለዳችን በፊት የተቀበልነው ነው። በሁሉም የሰውነታችን ሴል ውስጥ አለ። ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም። የአንዱ ሰው ዓይን ቡናማ የሌላው ጥቁር እንደሚሆን ሁሉ፣ የአንዱ ጉበት አንድን ኬሚካል በፍጥነት ሲያስወግድ የሌላው ቀስ ይላል። ለአፍ ካንሰር በተወሰነ ደረጃ የሚያጋልጠው የዚህ ዓይነቱ ልዩነት ነው።

እንግዲህ የተማሪዬ አባት በአፉ ውስጥ ያደገው ካንሰር ወደ ልጁ አልተላለፈም፣ አይተላለፍምም። ልጁ ከአባቱ የወረሰው ነገር ካለ፣ መርዝን የሚያስተናግድበትን መንገድ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ካንሰሩም በኩባያ፣ በትንፋሽ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ኩባያውን መለየቱ ለማንም ጥቅም አልሰጠም፤ የሚሞተውን ሰው ብቻ አሳዘነ።

መርዙ ሰውነት ውስጥ ሲገባ

የውጭ ኬሚካል ሲገባብን ሰውነታችን በሦስት ደረጃ ይሠራበታል። ሠራተኞቹ ኢንዛይሞች ናቸው፤ እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚሠራው በጂን ትእዛዝ ነው።

1. ከፋቾች። እነዚህ ኬሚካሉን ለማስወገድ እንዲያመች መጀመሪያ ይለውጡታል። ችግሩ፣ ናይትሮሳሚን የበለጠ መርዛማ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከዲኤንኤ ጋር መጣበቅ ይጀምራል። ሲዋይፒ2ኤ6 የሚባለው ኢንዛይም ከከፋቾቹ አንዱ ነው። ይኸው ኢንዛይም ኒኮቲንንም የሚፈታ ነው። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች የዚህን ጂን ደካማ ወይም የጠፋ ዓይነት ይወርሳሉ። እነሱ ኒኮቲንን ቀስ ብለው ስለሚፈቱ ቶሎ ቶሎ አያምራቸውም፤ ናይትሮሳሚኑንም የሚከፍቱት በዝግታ ነው።

2. ጠራጊዎች። የተከፈተውን መርዝ ይዘው በውሃ የሚሟሟ አድርገው በሽንት እንዲወጣ ያደርጋሉ። ጂኤስቲኤም1 የሚባለው ጂን ከጠራጊዎቹ መካከል በብዛት የተጠና ነው፤ በተለይ በጭስ ውስጥ ያሉትን መርዞች ይጠርጋል። የሚገርመው ነገር፣ ይህ ጂን ጨርሶ የሌላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በአውሮፓ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ የለውም፤ በአፍሪካ ቁጥሩ በአብዛኛው ዝቅ ይላል። የሌላቸው ሰዎች ጤነኞች ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው መርዝ ሲበዛ ነው።

3. ጠጋኞች። መርዙ ዲኤንኤውን ከነካው በኋላ የተበላሸውን ቆርጠው የሚያወጡና የሚያስተካክሉ ኢንዛይሞች ናቸው። እነሱም ከሰው ሰው ይለያያሉ።

ታዲያ ከፋቹ ፈጣን፣ ጠራጊው የሌለ፣ ጠጋኙ ሰነፍ የሆነበት ሰው በአንድ ሰፋ የበለጠ ይጎዳል። ከፋቹ ዘገምተኛ፣ ጠራጊው ብርቱ የሆነለት ሰው ያነሰ ይጎዳል። «ያነሰ» አልኩ እንጂ «አይጎዳም» አላልኩም።

እኛስ?

አንዳንዱ ሰው «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ጋ የለም» ይላል። አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ጂን በኢትዮጵያውያን ላይ መርምሮ ነበር። ከተመረመሩት 29 በመቶ የሚሆኑት ጂኑን ከተለመደው በላይ በብዛት ወርሰው ተገኙ። በስዊድን ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ቢወስድ፣ ሰውነቱ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጥበትና ሊጎዳው ይችላል። ይህ ጂን ስለ መድኃኒት እንጂ ስለ አፍ ካንሰር አይደለም። ያመጣሁት ግን አንድ ነገር ለማሳየት ነው፦ በአንድ መስመር ቆመን አንድ ዓይነት ራሽን የምንቀበል ሰዎች፣ ውስጣችን አንድን ኬሚካል የሚያስተናግደው አንድ ዓይነት አይደለም።

ሌላ ምሳሌ ከመጠጥ እንውሰድ። አልኮል በሰውነት ውስጥ መጀመሪያ ወደ አሴታልዲሃይድ ይለወጣል፤ ይህም ዲኤንኤን የሚጎዳ መርዝ ነው። ከዚያ ሌላ ኢንዛይም ያስወግደዋል። በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ ብዙ ሰዎች የዚህን ኢንዛይም ደካማ ዓይነት ይወርሳሉ፤ ትንሽ ሲጠጡ ፊታቸው ይቀላል። ከእነሱ መካከል አዘውትረው የሚጠጡት በጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ጠጪ በጣም ይበልጣል። የማይጠጡት ግን ያንኑ ጂን ይዘው በዚህ ምክንያት አይታመሙም። ጂኑ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ብርጭቆው ነው። በነገራችን ላይ ዐረቄና ትምባሆ አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳታቸው ተደምሮ ብቻ አይቀርም፣ ይባዛል።

ስንት እጥፍ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። «ያጋልጣል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ስንት ያህል ብለን መጠየቅ አለብን።

በሱዳን የአፍ ካንሰር ሕመምተኞችን ካንሰር ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት አለ። ሰፋው በቀጥታ በሚነካቸው የአፍ ክፍሎች ላይ ለሚወጣ ካንሰር፣ ቱምባክ የተጠቀመ ሰው አደጋ ካልተጠቀመው 7 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ለረጅም ዓመታት ለተጠቀሙት ደግሞ 11 እጥፍ ደርሷል። ሰፋው በማይነካቸው የአፍ ክፍሎች ላይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ይህ ማስረጃ ለእኔ በጣም ግልጽ ነው፤ በሽታው ድብልብሉ የተቀመጠበትን ቦታ ተከትሎ ይሄዳል። ዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቦታ አይመርጥም ነበር።

በሌላ በኩል እንደ ጂኤስቲኤም1 መጥፋት ያሉት የተለመዱ ልዩነቶች በብዙ ጥናቶች ሲለኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አደጋውን የሚጨምሩት ከሁለት እጥፍ ባነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትልቅ ጥናት ከአውሮፓ፣ ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ የተሰበሰቡ 6,000 ያህል የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ሕመምተኞችን ጂን መርምሮ ከበሽታው ጋር የተያያዙ ቦታዎችን አግኝቷል። ከእነሱ አንዱ አልኮልን የሚፈታው ጂን አካባቢ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ለብቻው የሚያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነው።

ከዚህ የሚለይ አንድ ሁኔታ እንዳለ መደበቅ አልፈልግም። ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል ከስንት አንድ የሚገኝ የዘር በሽታ አለ፤ ስሙን ያገኘው በ1927 ከገለጸው ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ነው። በአብዛኛው ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሰ ልጅ ነው የሚታመመው። የዲኤንኤ ጥገናው ስለማይሠራ ትምባሆ ሳይነካ እንኳ በአፍ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ገና በልጅነታቸው በደም ማነስ ስለሚታመሙ ይታወቃሉ። ሽምግልና አካባቢ ደርሶ ቱምባክ ሲጠቀም ኖሮ የታመመ አባት ሌላ ጉዳይ ነው።

እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። ለማስተማር እንዲመች የተጋለጠ ጂን አደጋውን 1.5 ጊዜ፣ ቱምባክ ደግሞ 7 ጊዜ ያበዛል እንበል። የሁለቱም ነፃ የሆነውን ሰው አደጋ 1 እንበለው።

— ጂኑ የለበትም፣ ቱምባክም አይጠቀምም፦ 1
— ጂኑ አለበት፣ ቱምባክ አይጠቀምም፦ 1.5
— ጂኑ የለበትም፣ ቱምባክ ይጠቀማል፦ 7
— ጂኑም አለበት፣ ቱምባክም ይጠቀማል፦ 1.5 ሲባዛ በ7፣ 10.5

እነዚህን አራት ቁጥሮች ደጋግማችሁ ተመልከቱ። የተጋለጠ ጂን የወረሰው ልጅ ቱምባኩን ጭራሽ ካልጀመረ ከ10.5 ወደ 1.5 ይወርዳል፤ 9 ያህል ያተርፋል። ጂኑን ያልወረሰው ከ7 ወደ 1 ይወርዳል፤ 6 ያተርፋል። ማለትም በመተው የበለጠ የሚጠቀመው «የዘር አለብኝ» ያለው ልጅ ነው። «በዘሬ ካለ ብተወው ምን ይረባኛል» የሚለው ሐሳብ ተገልብጦ የተቀመጠ ነው ማለት ነው። በዘርህ ካለ፣ ይልቁንም አንተ ነህ መተው ያለብህ።

እርግጥ ነው፣ ተጠቅሞ የተወ ሰው በአንድ ቀን ወደ ታች አይወርድም፤ አደጋው በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ዛሬ መተው ከከርሞ ይሻላል።

«አያቴ ዘጠና ዓመት ኖሯል»

ይህን ስናስተምር ሁልጊዜ አንድ ተማሪ ይነሳና «አያቴ ዕድሜ ልኩን ተጠቅሞ ምንም አልሆነም» ይላል። አትቆጡት። ትክክል ሊሆን ይችላል። አያቱ ምናልባት ብርቱ ጠራጊና ብርቱ ጠጋኝ የወረሱ ሰው ነበሩ፤ ምናልባትም ዕድል ነው። ጥያቄው «አንተስ የእሳቸውን ወርሰሃል ወይ?» ነው። ልጅ ከአያቱ የሚደርሰው ከጂናቸው ሩብ ያህሉ ነው፤ የትኛው ሩብ እንደሆነ ከፊቱ ላይ አይነበብም። ከጋላባት ወደ መተማ በክረምት ወንዝ ሞልቶ አንድ ሰው ተሻገረ ማለት ለሌላው ድልድይ ተሠራ ማለት አይደለም።

የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአፍ ካንሰር ቢሞት ወዲያው «ዘሩ ነው» እንላለን። ቤተሰብ ግን የሚወርሰው ጂን ብቻ አይደለም። ልጅ ከአባቱ ጋር ወደ እርሻ ይወርዳል፣ አባቱ ሰፋ ሲያደርግ ያያል፣ ከዚያው ላስቲክ ቆንጥሮ ይጀምራል። ቱምባኩም ይወረሳል። በሱዳን በተደረገ ሰፊ የቤት ለቤት ጥናት ከአዋቂ ወንዶች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ቱምባክ ተጠቃሚ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ወንድምና እህት ጂናቸው ከአንድ እናትና አባት ነው፤ የሚለያያቸው ልማዱ ነው።

ስለሆነም «ዘራቸው የታመመ ነው» ተብሎ የተበላሸ ጋብቻ፣ የተገለለ ቤተሰብ ካለ፣ በሳይንስ የሚደገፍ አይደለም። እኛ ስደተኞች በስማችን ላይ ሌላ ሸክም መጨመር አያስፈልገንም።

ለክፍል ሥራ

መምህራን ሆይ፣ ይህን ትምህርት ያለ ምንም መሣሪያ ልታስተምሩት ትችላላችሁ። ቀይና ነጭ ባቄላ ወይም ጠጠር ይበቃል።

1. ሁለት ኩባያ አዘጋጁ፤ አንዱ «እናት»፣ ሌላው «አባት»። በእያንዳንዱ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ጨምሩ። ቀዩ የሚሠራ ጠራጊ ጂን ነው፤ ነጩ የጠፋ።
2. አንድ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ከእያንዳንዱ ኩባያ አንድ አንድ ያውጣ። ሁለቱ አንድ «ልጅ» ናቸው። ይመዝገብና ይመለስ።
3. ሃያ ጊዜ ይደገም። ሁለቱም ነጭ የሆኑት ስንት ናቸው? አምስት አካባቢ መሆን አለበት፣ ማለትም ሩብ። በትክክል አምስት ካልሆነ ለምን እንደሆነ ተወያዩ።
4. ከዚያ ለእያንዳንዱ «ልጅ» ሳንቲም ጣሉ፤ አንበሳ ከሆነ ቱምባክ ጀመረ፣ ሰው ከሆነ አልጀመረም። የአንበሳ ሳንቲም ከሌላችሁ በሌላ ምልክት አድርጉት። ከላይ ባሉት አራት ቁጥሮች የእያንዳንዱን አደጋ አስሉ።
5. በመጨረሻ ይህን ጠይቁ፦ «ከሁለቱ ዕጣዎች የትኛውን ነው ሰው ራሱ መምረጥ የሚችለው?» መልሱን እነሱ ያግኙት። እናንተ አትንገሯቸው።

አፋችንን እንመልከት

ጂናችንን የሚመረምር ላቦራቶሪ እዚህ የለም፤ ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግምም። ጠቃሚው ምርመራ መስታወትና የቀን ብርሃን ነው። ከንፈርን ገልብጦ፣ ምላስን አንስቶ፣ ጉንጭን በጣት ወጥሮ ማየት ነው። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ፦

— ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ባያምም እንኳ
— ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት
— በከንፈር፣ በምላስ ወይም በአንገት ላይ የሚያድግ እብጠት
— ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የደነዘዘ ከንፈር
— ምግብ ሲዋጥ የሚያም ወይም የሚያግድ ስሜት

ነጭ ምልክት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ሰፋ በሚቀመጥበት ቦታ ቆዳው ነጥቶ መሸብሸቡ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው ሲተው እየጠፋ ይሄዳል። ግን ይህን የሚለየው ሐኪም ነው።

ቶሎ መሄድ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ካንሰሩ ትንሽ እያለ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። ካደገ ጨረር ያስፈልጋል። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ የካርቱም፣ ቀጥሎም የዋድ መደኒ የካንሰር ሕክምና ተቋርጦ፣ በ2024 ገዳሪፍ ባለው የካንሰር ሆስፒታል ጨረር ስላልነበረ ሕመምተኞች በሩቅ ሰሜን ወዳለችው መረዌ እንዲሄዱ ይነገራቸው ነበር። ለስደተኛ ያ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱኝ አትበሉኝ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁን ጠርቼ ከትምህርት ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አራቱን ቁጥሮች በእንጨት መሬት ላይ ጻፍኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «ስለዚህ እኔ ከሌላው ይልቅ ነው መተው ያለብኝ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ከዚያ እኔም ያልጠየቀኝን ነገርኩት። ሱዳን በገባሁበት የመጀመሪያው ክረምት በእርሻ ሥራ ቱምባክ ጀምሬ ሁለት ዓመት ያህል ተጠቅሜያለሁ። ስተው የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ራሴን አመመኝ፣ ከሰው ተጣላሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ቅርንፉድ በጥርሴ ይዤ፣ ውሃ እየጠጣሁ፣ ከሚጠቀሙት ጓደኞቼ ለጊዜው ርቄ አለፍኩት። አንድ ጊዜም ተመልሼ ጀምሬ እንደገና ትቻለሁ። ሱስ እንጂ የባሕርይ ብልሹነት አይደለም። ስለዚህ መምህራን፣ ሰፋ ያደረገ ተማሪ ስታዩ በሰው ፊት አታሳፍሩት፤ ብቻውን አነጋግሩት።

ልጁ ሙሉ በሙሉ ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። ቀንሷል፤ እየታገለ ነው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ስድስት ቀን ሞላኝ አለኝ። ስለ አባቱም እንዲህ አለ፦ «ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ በእሱ ኩባያ እጠጣ ነበር።»

ውድ አንባብያን፣ ከወላጆቻችን የወረስነውን መምረጥ አንችልም። አፋችን ውስጥ የምናስገባውን ግን እንችላለን። ጥያቄ ወይም አስተያየት ያላችሁ በትምህርት ቤቱ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ጨምሩልን፤ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።